ግማሽ የቀረውን የበገና ዜማ ፍለጋ ወደ እንጦጦ

ከአንኮበር የተነሣሁት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ጉዳዬ መምህሬን ወይዘሮ የውብዳርን አግኝቼ ይቅርታ መጠየቅና ግማሹን ብቻ ያስተማሩኝን ረጅም የበገና ዜማቸውን ማስጨረስ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዛወር እሳቸውም ከዘመዶቻቸው ጋር ሄዱ፤ እኔ ዜማዎቻቸውን በየጾሙ በመኳንንት ቤት ስደረድር ኖርኩ። በእኛ ዘንድ በገና ሲደረደር የደራሲው ስም አይጠራም፤ ሰው ሁሉ የእኔ ድርሰት መሰለው። ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ!

አሌልቱና ሰንዳፋ

መንገዱ ደረቅ ነው፣ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። በቅሎዋ ላይ በገናውን ጭኜ እኔ በእግሬ። አሌልቱ ላይ አንድ አሞሌ ጨው ሰጥቼ ለበቅሎዋ ገብስ፣ ለራሴ ቂጣና አሬራ አገኘሁ። ሰንዳፋ ያሳደሩኝ አባወራ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ «ለዘፈን ነው ይህን ሁሉ አገር የምታቋርጠው?» ብለው ሳቁብኝ።

«ዘፈን አይደለም አባቴ፣ በገና ነው።»

«ኤዲያ፣ ያው ነው!»

ተናደድኩ። ግን እራትና መኝታ ሰጥተውኛል፣ ምን እላለሁ?

ከየካ ሽቅብ

በአምስተኛው ቀን የካን አልፌ ዳገቱን ጀመርኩ። ጥዱ ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ግንድ የተሸከሙ ሰዎች ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለች ጎጆ አሳዩኝ።

«አንተ ሌባ! መጣህ?» አሉኝ ወይዘሮ የውብዳር፣ ገና በሩ ላይ ስቆም። ለካ ሁሉን ሰምተዋል! እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ይማሩኝ እሜቴ።»

«ተነሥ፣ ተነሥ። ይልቅ በገናውን አውጣ።»

ያን ጊዜ እጃቸውን አየሁት። የእንጦጦ ብርድና ቁርጥማት ጣቶቻቸውን አኮራምቷቸዋል፤ ክር ከነኩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው በድምፃቸው እያዜሙ፣ በዚያ በተጣመመ ጣት የግራ እጄን ጣቶች ተራ በተራ መታ መታ ያደርጋሉ፤ እኔም በተመታው ጣት ክሩን እነካለሁ። ስሳሳት «ደንቆሮ!» ይሉኛል። በዘጠነኛው ቀን ዜማው ሞላ። ሁለታችንም አለቀስን።

ስንሰነባበት፣ «ስምዎን ብጠራ ይከፋዎታል?» አልኳቸው።

«ለእግዜር ብለው ስማቸውን የሚሰውሩ አሉ። እኔ ግን ዝም ያልኩት የጠየቀኝ ስለጠፋ ነው። ጥራው!»

አንኮበር

ቤቴ የገባሁት በቅበላ ነው። እሜቴ እየናፈቁኝ ስንት ቀን ያንኑ ዜማ ለብቻዬ ደረደርኩት። በጾሙ እኩሌታ፣ በየዓመቱ የምደረድርላቸው መኮንን ጌታዬ ቤት ተጠራሁና ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩት። ጌታዬ ዕንባቸውን ጠርገው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

«የእኔ አይደለም ጌታዬ። የወይዘሮ የውብዳር ነው፤ ከዚህ በፊት የሰሙትም ሁሉ።»

ይህችን ለመናገር ስምንት ዓመትና የአምስት ቀን መንገድ ፈጀብኝ። ሰው ቢጠይቅና ቢናገር ምን ነበረበት?

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጌታዬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እንዲህ ያለች ሴት እያለች እስከ ዛሬ እንዴት ሰወርካት? በል የእኔን በቅሎ ውሰድና ለሆሳዕና ይዘሃት ና!»

የወይዘሮ የውብዳርን መርዶ ከሰማሁ አራተኛ ቀኔ ነበር።