ሲጾሙልኝ የደበቅሁት ኪኒን

መጀመሪያ ያመመኝ የግራ ባቴ ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ ስፌት ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ድካም መሰለኝ። የለቡን ኮንዶሚንየም አራት ፎቅ ሳላርፍ የምወጣዋ ሴት፣ በሳምንቱ ሁለተኛው ላይ መቆም ጀመርኩ።

የማፍርበትን ልናገር። ካገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ልጅ የለኝም። የጸሎት ቡድናችን እህቶች ረቡዕ ረቡዕ እየጾሙ እግዚአብሔር ማህፀኔን እንዲከፍት ይለምኑልኝ ነበር። እኔም አብሬ ተንበርክኬ አሜን እላለሁ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒኑ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ደም ግፊቴን እንኳ ሳልለካ፣ ከፋርማሲ እየገዛሁ ከዓመት በላይ ውጬዋለሁ። በሥራዬ ሳልደላደል መውለድ ፈርቼ ነበር፤ ይህን ለባሌ መናገር ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ።

እግሬ ሲያብጥ የቡድኑ መሪ እህት አስቴር ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀኝ። አስቴር እጄን ይዛለች። ምንም፣ አልኩ። ማስታገሻ ተሰጥቶኝ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ደረቴን ወጋኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ባሌና አስቴር ሆስፒታል አደረሱኝ፤ የተቀበለችኝ ዶክተር ሁለቱንም አስወጣች። በሩን ዘጋች።

"እውነቱን ንገሪኝ፤ የእርግዝና መከላከያ ትወስጃለሽ?"

አዎ አልኩ። በሲቲ ስካን ሲታይ እግሬ ውስጥ የረጋው ደም ተቆርሶ ሳንባዬ ገብቷል። ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት ኪኒን በአንዳንድ ሴቶች ላይ ደም ሊያረጋ እንደሚችል ነገረችኝ። የእናቴም እግር ከወሊድ በኋላ እንዲሁ ደም ረግቶበት ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ጠያቂ አልፈለግሁም።

ለባሌ እዚያው ነገርኩት። ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ ምሳ ማመላለሱን ግን አልተወም። ደም ከሚያቀጥነው የሄፓሪን መርፌ በኋላ ወራት ሙሉ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ኪኒን እየዋጥኩ፣ ደሜን እያስመረመርኩ፣ ጠዋት ጠዋት በእሱ ክንድ ተደግፌ በመንደሩ እየተራመድኩ፣ ቀስ በቀስ ወደ አራተኛ ፎቅ ተመለስኩ። ለአስቴርም ነገርኳት።

"ረቡዕ ስለ ሳንባሽ እንጾማለን፤ በዚህኛው ግን አትዋሺን" አለችኝ።

ዶክተሯን፣ ባሌንና እህቶቼን አመሰግናለሁ። ኪኒኑን ብዙ ሴቶች ያለ ችግር ይወስዱታል፤ አትደንግጡ። ግን ተመርምራችሁ ጀምሩ፤ በቤተሰብ ደም የረጋበት ካለ ተናገሩ። አንድ እግራችሁ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችሁ ሂዱ። የምታፍሩት ሰው አጠገባችሁ ከቆመ "ለብቻዬ ልናገር" በሉ። ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ያን ከማለት መሞት ቀሎኝ ነበር።