ስለ ካልሲየም የጠየቀችኝ ጠባቂ

አቦቦ ወረዳ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ፖሊሶች ጋውኔን እንደለበስኩ ነው የወሰዱኝ። ስብሰባ ላይ የተናገርሽው ነገር አለ ተባልኩ። ጋምቤላ ከተማ ስንደርስ እስር ቤት፣ የሴቶቹ ክፍል አስገቡኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል፤ ውስጡ የላብና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለው። ኒውላንድ ከሚባለው የከተማው ሰፈር የመጣች አንዲት ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ሕፃኗን ታጠባለች። እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠባቂያችን በሩን ገርበብ አድርጋ ጠራችኝ። ግቢውን ስታቋርጥ የምታለከልክ ወፍራም ሴት ናት። ከኪሷ የኪኒን ብልቃጥ አወጣች።

«ሲስተር፣ ካልሲየም ያከሳል ይላሉ። እውነት ነው?»

«በቀን ስንት ትወስጃለሽ?»

«አምስት። ምሳም ትቻለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቶሎ እንዲያከሳኝ አወሳሰዱን ንገሪኝ። ስልኬን እሰጥሻለሁ፤ እናትሽ ጋ ትደውያለሽ።»

እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም። ቁጥሯን በልቤ ስደግመው ነው የከረምኩት። የሆነ ነገር ብላት ይበቃ ነበር። ግን ደክሞኛል፤ ውሸት ለመፍጠር እንኳ አቅም አልነበረኝም። ደግሞም አምስት ብላኛለች።

«አያከሳሽም» አልኳት። «ከምግባቸው ካልሲየም የሚያንሳቸው ሰዎች ወፈር ብለው የሚገኙበት ጊዜ አለ። እሱም ከሌላው አበላላቸው ሊሆን ይችላል። ኪኒን ስለዋጥሽ ስብ አይቀልጥም። ይሄን ያህል ስትወስጂ ኩላሊትሽን ነው የምትጎጂው። ተዪው፤ ምሳሽንም ብዪ።»

የምታጠባዋን ልጅ አሳየኋት። «ካልሲየም የሚያስፈልጋት እሷ ናት። ከምግብ ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ነው ለልጇ የምትሰጠው።»

የጠባቂዋ ፊት ጠቆረ። በሩን ዘግታ ሄደች። ስልኩም አብሯት ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት ግማሽ ሊትር ወተት በላስቲክ ይዛ መጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

«ሲስተር፣ አንቺም ጠጪ» አለችኝ ልጅቷ። «አንቺም ቀጭን።»

«ጠጥቻለሁ» አልኳትና እስክትጨርስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቆየሁ። እናቴ የት እንደነበርኩ ያወቀችው ስፈታ ነው። ዛሬም ስልኬ ለግማሽ ቀን ከተዘጋ አገር ምድሩን ታተራምሳለች። አልቆጣትም። ያን ቀን ልደውልላት እችል እንደነበር ግን እስካሁን አልነገርኳትም።