መልእክት ያልደረሳቸው

ታናሽ እህቴ ዶክተር ናት፤ መርፌ ግን አትወጋም። ይህን ማስረዳት አንገሽግሾኛል። ፀጉር ቤቴ የምትመጣ ደንበኛ ሁሉ «እህትሽ ይችን ጉልበቴን ትይልኝ እስቲ» ትለኛለች። እሷ የምታጠናው የሰውን ጠባይ ነው፤ ሰው የሚጠቅመውን እያወቀ ለምን ይቀራል፣ መንግሥትስ እንዴት ቢናገረው ይሰማል፣ እሱን ነው። ዶክትሬቷን እንደጨረሰች አንድ የምርምር ክፍል ለአንድ ዓመት በተመራማሪነት ቀጠራት፤ ድኅረ ዶክትሬት ይሉታል። እማዬ ስትሰማ «ከዶክተርነት በኋላ ደግሞ ምን አለ? አያልቅም እንዴ ይሄ ነገር?» አለች።

ችግሩ ቶሎ ማለቁ ነው። ውሏ ይህ በሆነበት ወር መጨረሻ ያበቃል። ለሦስት ዓመት የሚታደስላት ጥናቷ ጤና ሚኒስቴር ዘንድ ከተወደደ ብቻ ነው። ልጅቷ ከጭንቀት የተነሳ ከስታ ከስታ አንገቷ ብቻ ቀረ። ብዪ ስላት «ቆይ»፣ ተኚ ስላት «ቆይ»። ቆይ በልቶ የጠገበ ሰው አላየሁም።

ጥናቱ ለማንም ይገባል። የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች የክትትል ቀጠሯቸውን ይረሳሉ። እሷ በየጤና ጣቢያው ከተመዘገቡት ግማሾቹን በዕጣ አስመርጣ «ቀጠሮዎ ደርሷል፣ ይምጡ» የሚል መልእክት በስልካቸው አስላከች። ለቀሩት ምንም አልተላከም። ከዚያ የትኞቹ ይበልጥ መጡ ብሎ ማወዳደር ነው። መልእክቱ ለማን እንደደረሰ፣ ለማን እንደቀረ እሷም አታውቅም፤ ስሙ ሁሉ በቁጥር ተሸፍኖ ነው የሚመጣላት። ውጤቱ ሲታይ መልእክት ከደረሳቸው የመጡት ካልደረሳቸው እጥፍ ሆኑ። አለቃዋን ፕሮፌሰሩን ደስታ አላስቀምጥ አለው። የሚኒስቴሩ ኃላፊ መጥተው እንዲሰሙ ቀን ተቆረጠ።

በዚያው ቀን ጠዋት፣ እሷም ግፊት ያለባት እማዬ ከአልጋዋ ስትነሳ ተንገዳግዳ ግድግዳ ያዘች። «ዓይኔ ጭልም አለብኝ» አለች። ታክሲ ይዤ ሆስፒታል አደረስኳት፤ እህቴም ለስብሰባው የተኮሰችውን ኮት እንደለበሰች ተከትላን መጣች። ነርሷ ግፊቷን ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ። ሐኪም ጠርታ፣ መድኃኒት ሰጥተው አስተኟት።

«ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» አለችና ነርሷ ነገሩን ተወችው። የጤና ጣቢያ ካርዷን አይታ ወደ እማዬ ዞረችና «እናቴ፣ ክትትሉን ለምን አቋረጡ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ኧረ እኔ መቼ አቋረጥኩ! እነሱ ናቸው የተዉኝ። ለጎረቤቴ በስልኳ ይምጡ ብለው ላኩላት፤ ለእኔ የላከ የለም። እንግዲህ የሚፈልጉትን መጥራት ጀምረዋል፣ እኔ አላስፈልግም ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሳይጠሩ መሄድ ያሳፍራል።»

ልቆጣትም ልስቅባትም ፈለግኩ። እህቴን ሳያት ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

«ገባሽ?» አለችኝ። «ያልላክንላቸው ሰዎች እንደወትሯቸው የሚመላለሱ መስሎን ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያወራ ረሳን። እኛው ነን ያስቀረናቸው! እጥፍ ያልነው መልእክቱ ሰው ስላመጣ ብቻ አይደለም፣ ሌሎቹ ስለቀሩም ነው።»

«የሰው ጠባይ አጠናለሁ የምትይው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አልኳት። አፌ አያርፍም። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ሳይ ግን አንጀቴን በላችው።

ስልኳ ጮኸ። ፕሮፌሰሩ ነው። ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል።

«የት ነሽ? ኃላፊዋ መጥተው ተቀምጠዋል!»

«እናቴ ታማብኝ ሆስፒታል ነኝ።»

«እግዜር ይማራት። በይ ግዴለም፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላድርገው፤ ውጤቱን በአጭሩ ንገሪያቸው። በመላ አገሪቱ ሊያስጀምሩት ነው።»

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት። «ስሚኝ፤ ዛሬ ውጤቱን ብቻ ንገሪያቸው። ውልሽ ይታደስ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ። ከራስ በላይ ነፋስ!» አልኳት። ምን ላድርግ፣ እህቴ ናት! የስንት ዓመት ልፋቷ በአንድ ቃል ገደል ሲገባ ዝም ብዬ ልይ?

«ሀሎ? እየጠበቅን ነው» አለ ፕሮፌሰሩ።

እጄን ከስልኩ ላይ አነሳችው።

«ውጤቱ ልክ አይደለም» አለች። ምን እንደተፈጠረ እየተንተባተበች አስረዳች። «እንዲሁ ቢጀመር ስልኩ የጠፋበት፣ ቁጥሩ የተቀየረ ሰው ሁሉ ተውኝ ብሎ ቤቱ ይቀራል።»

የሴት ድምፅ መጣ፤ ኃላፊዋ ናቸው። «ስንት ሰው ነው እንዲህ የቀረው፣ ዶክተር?»

«አላውቅም። ማጣራት አለብኝ።»

ፕሮፌሰሩ የድምፅ ማጉያውን አጠፋው። «በሰው ፊት? ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«እኔም አሁን ነው ያወቅኩት።»

«እንግዲህ የሚያጣራ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። አንቺ በወሩ መጨረሻ የቢሮሽን ቁልፍ አስረክቢ» ብሎ ዘጋባት።

እኔ ስድብ አልበቃኝ አለ። እሷ ኮቷን አውልቃ አስታቀፈችኝና ወደ እማዬ አልጋ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ሌላስ መልእክት ሳይደርሰው የቀረ ታውቂያለሽ?»

«እንዴታ! የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አሉ። አስተማሪዋም አለች። ተሰረዝን እየተባባልን ስንሳሳቅ አልነበር!»

የልብስ ሰፊውን ቁጥር ከእማዬ ስልክ ላይ አውጥታ ደወለች። የስፌት መኪናቸው መንኳኳት ከወዲያ ይሰማል።

«አባባ፣ ስለ ደም ግፊት ክትትልዎ ነው የምደውለው።»

መኪናው ቆመ። «ለእኔ?» አሉ ሽማግሌው። «ተባረኪ ልጄ! እኔ እኮ፣ ለዚህ አሮጌ ምን ይደከማል ብለው የተዉኝ መስሎኝ... ምን አስቀይሜያቸው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።»

ሥራዋን ስትነጠቅ ያላለቀሰችው ልጅ ያኔ ተንሰቀሰቀች። በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠርጋ «ምንም አላስቀየሙም አባባ፤ እኛ ነን የበደልንዎት። ዛሬውኑ ይምጡ» አለቻቸው።