የወንድም ጋሼ ጥቀርሻ

እኔን አሮጊቷን የመኪና ሆድ ዕቃ ውስጥ ምን ዶለኝ? ቁልፉ በየት እንደሚገባ እንኳ አላውቅ።

ወንድም ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የናፍጣ መኪናቸውን ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቱቦ ፈተው በጣታቸው ይጠርጉት ነበር። «ጭሷን መልሳ የምትበላ መኪና ጉሮሮዋ ካልተጠረገ ጉናን አትወጣም» ይሉኛል። ከዚያ በዚያው ጥቁር ጣት ላጉርስሽ ብለው ይመጣሉ። እየቀፈፈኝ ስሸሽ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ትናንት የተዝካራቸውን ጠላ ጭነን ወደ ገሳይ ስንወጣ፣ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፍታ ዳገቱ ላይ ቆመች። ካህናቱ እየጠበቁን ነው። ልጃቸው ቱቦውን ፈታው፣ ወፍራም ጣቱ ግን አልገባ አለው።

«ዞር በል» አልኩና የኔን ሰደድኩት።

ኤዲያ! እንደ ሰነበተ አተላ የሚዝለገለግ፣ የሚከረፋ ጥቀርሻ። እየዛቅሁ እንትፍ እንትፍ አልኩ፤ ምራቄ ሁሉ ጠቆረ። ስጨርስ ጣቴን አየሁት፤ ቁርጥ የሳቸው ጣት። የሚያጎርሰኝ ግን የለም። ያኔ እንባዬ መጣና በዚያው እጄ ጠረግሁት።

መኪናዋ ዳገቱን ወጣችው። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ቀድማን የመጣችው ጎረቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለወንድምሽ ከል ልበሺ ብንልሽ እምቢ ብለሽ፣ ዛሬ ፊትሽን ነክረሽው መጣሽ?»