የሐራው ሐዲድ ጠባቂ

ሐራ ጣቢያ አጠገብ የባጃጃችን ጎማ ተንፍሶ በቆምንበት ነው ያየኋቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ሰው ናቸው። የለበሱት የጥበቃ ደንብ ልብስ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ቁልፎቹ ግን እስከ አንገት ድረስ ተቆልፈዋል። ተሠርቶ ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም ባቡር ባልሄደበት ሐዲድ ላይ ዝግ ብለው እየተራመዱ፣ ብረቱ ላይ የወጣ ጠጠር ባዩ ቁጥር ጎንበስ ብለው ያነሣሉ። ከደረት ኪሳቸው ሬዲዮ ይሰማል። ሰው ያልተሳፈረባት አንዲት መንኮራኩር ወደ ጁፒተር እየተጓዘች መሆኗን፣ ለመድረስም አምስት ዓመት ተኩል እንደሚፈጅባት ያወራል።

ሾፌራችን ሞገስ ጎማውን እየፈታ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ጁፒተር ሊደረስ ነው፤ ያንቱ ባቡር ግን ሐራ መድረስ አቃተው። ወልድያ ልጅዎ ዘንድ ገብተው አያርፉም?»

ሬዲዮውን ቀነስ አደረጉት።

«የላኳት ሰዎች ገና አልደረሰችም ብለው ሥራቸውን ጥለው ሄደዋል?»

«እነሱማ እንደምትደርስ ያውቃሉ።»

«እኔም አውቃለሁ።»

ባቡሩ ባይመጣስ ብዬ ጠየቅኋቸው። በጫማቸው ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ አደረጉት።

«ይኸ የቆምክበት የአባቴ የማሽላ ማሳ ነበር፣ ልጄ። ባቡር ይሄድበታል ብለውኝ ፈርሜ ለቀቅሁ። እኔም ከዚህ ከጠፋሁ፣ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቃቸው ማነው?»

ሞገስ ቀና አለ። አሁን አይስቅም።

«ግን እኮ ጋሼ፣ ጡረታ ካወጡዎት ዓመት አለፈ። ዘበኛ አይደሉም።»

«ጡረታ ያወጡት ዘበኛውን ነው» አሉ፣ ሌላ ጠጠር ለማንሣት ጎንበስ እያሉ። «ባለ መሬቱን ማን ጡረታ ያወጣዋል?»