ክፍት የተባለው ሻምፒዮና

ልጄ ለሴቶች ብሔራዊ የጎልፍ ሻምፒዮና ማጣሪያ መመዝገቧን የነገረችኝ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ፣ የገዛነውን አስቤዛ ከመኪና እያወረድን ሳለ ነው። እንደ ቀላል ወሬ ጣል አደረገችው። እኔ ግን የሽንኩርቱን ከረጢት እንደያዝኩ ቀረሁ። ጎልፍ እንደምትጫወት አውቃለሁ። ትንሽ ልጅ ሆና ከትምህርት በኋላ በነፃ በሚሰጥ ፕሮግራም ጀመረችው፤ ሃይስኩል ስትገባ የቲሙ አባል ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲም ገብታ አልተወችውም። ቴሌቪዥን ላይ ከምናያቸው ሴቶች ጋር ግን ምን አገናኛት?

«ኦፕን ነው እኮ፣ ማሚ» አለችኝ። «ኤኒዋን ካን ትራይ።» ማንም መሞከር ይችላል ማለቷ ነው። ከዚያ ወተቱን ይዛ ወደ ሊፍቱ ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው የአማርኛ ቸርቻችን፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ለልጄ እንዲጸልዩላት ከሽማግሌዎቻችን አንዱን ጠየቅኩ። እኚህ ሰው አገር ቤት ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ናቸው። አሁን እዚያው አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጸሎቱን እሺ ካሉኝ በኋላ ጥያቄ አመጡ። ክፍት ከተባለ ለማን ነው የተከፈተው? ለሁሉም ነው አልኳቸው። ሁሉም ማለት እነማን ናቸው? ድሮ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው? ማን ዘጋው? እኔ የማውቀው ነገር የለም። እሳቸው ደግሞ መልስ ያጣ ጥያቄ ይዘው ወደ ቤት መሄድ አይወዱም፤ እስከሚቀጥለው እሑድ አጣሪ ብለው የቤት ሥራ ሰጡኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። የማላውቀው የመድኃኒት ስም ቢያጋጥመኝ ሳላጣራ አልውልም፤ ይሄም እንደዚያው ሆነብኝ። በዕረፍት ቀኔ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የላይብረሪ ሠራተኛዋን ስለ ሻምፒዮናው ታሪክ የሚያወራ መጽሐፍ እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። ትላልቅ መጻሕፍት አምጥታ ደረደረችልኝ። ጥቂት ገጽ አንብቤ ልሄድ ነበር ሐሳቤ፤ ምሳ ሰዓት ማለፉን ያወቅኩት ሆዴ ሲጮህ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይሄ ሻምፒዮና ከመጀመሪያው ጀምሮ የታላላቆች መድረክ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም። መጀመሪያ የክብሩ ውድድር የአማተሮቹ ነበር፤ ማለትም ገንዘብ ሳይከፈላቸው ለደስታቸው የሚጫወቱ ባለጸጎች። ክፍቱ ውድድር፣ ያኔ የወንዶች ብቻ፣ በላዩ ላይ እንደ ምርቃት የተጨመረ ነው፤ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን አለቀ። የተወዳደሩትም ሰዎች በአብዛኛው የክለቦች ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ሣሩን የሚንከባከቡ፣ የተሰበረ ዱላ የሚጠግኑ፣ ለአባላቱ አመታቱን የሚያስተምሩ። ከእነሱም ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ በመርከብ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እዚህ አገር የተወለደ ሰው ዋንጫውን እስኪያነሳ ድረስ ረጅም ዓመት ወስዷል። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ በሁለተኛው ዓመት የሆነው ነው። ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የአገሩ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ፣ እንወዳደራለን ብለው ተመዘገቡ። ሌሎቹ ተጫዋቾች እነሱ ካሉበት እኛ አንጫወትም አሉ። የውድድሩ ኃላፊ ግን፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቢቀሩም ውድድሩ ይካሄዳል ብሎ መለሰላቸው። በማግስቱ ሁሉም ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሆኖም ነገሩ በዚያ አላለቀም፤ ለጥቁር ተጫዋቾች መንገዱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጠባብ ሆኖ ቆየ። ነጮቹም ተቀጣሪ ባለሙያዎች ቢሆኑ ከባለጸጎቹ እኩል አልተቆጠሩም፤ ውድድሩን ያሸነፈ ሰው እንኳ ወደ ክለቡ ቤት በዋናው በር እንዲገባ የማይፈቀድበት ጊዜ ነበር። የሴቶቹ ክፍት ሻምፒዮና ደግሞ የመጣው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እሱንም ያቋቋሙት ሴት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ የጋበዛቸው የለም።

እሑድ ይሄን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና ማጣሪያው የት እንደሚካሄድ ጠየቁኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከቤታቸው ብዙም አይርቅም። «እንግዲያው መጥቼ አየዋለሁ» አሉ።

ውድድሩ ሊደርስ ሲል የልጄ ጓደኛ ታመመች። ካዲ ልትሆናት ተስማምታ ነበር፤ ካዲ የተጫዋቿን ቦርሳ የሚይዝ፣ ኳሱን የሚጠርግ፣ ቀዳዳው ላይ የተተከለውን ባንዲራ የሚነቅል ረዳት ነው። ሌላ ሰው ስትፈልግ ሰንብታ አጣች። በመጨረሻ ኩሽና መጥታ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእግሬ እንደምቆም ታውቃለች። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ማሚ፣ ሦስት ነገር ብቻ ነው» አለችኝ። «ሰው ሲመታ አታውሪ። በኳሱና በቀዳዳው መሃል አትርገጪ። ሳልነግርሽ ኳስ እንዳትነኪ፤ አንቺ ከነካሽ የምቀጣው እኔ ነኝ።»

በቀኑ ማለዳ ደረስን። ቦርሳውን የምገፋበት ባለሦስት ጎማ ጋሪ ነበረን፤ የሆስፒታል ጫማዬን ነው ያደረግኩት። ጋሼ በክራባት መጥተዋል፤ ጃንጥላም ይዘዋል። ማጣሪያው በአንድ ቀን ሁለት ሙሉ ዙር ነው፤ አንዱ ዙር አሥራ ስምንት ቀዳዳ ሲሆን፣ በጥቂት ምት የጨረሰች ታሸንፋለች። ከልጄ ጋር የተመደበችው በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ ሎረል የምትባል ከተማ ውስጥ ፖስታ አዳይ ናት። ሦስተኛዋ ተጫዋች ስላልመጣች ሁለቱ ብቻ ወጡ። ፖስተኛዋ ቦርሳዋን ራሷ ተሸክማለች፤ ካዲ የላትም። እኔ ባንዲራውን ነቅዬ የት እንደማስቀምጠው ግራ ሲገባኝ በአገጯ እያመለከተች አሳየችኝ።

ጎልፍ እንደዚያ ዝም የሚባልበት ጨዋታ መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጄን ቤት ውስጥ ስልኳን ይዛ ስትስቅ፣ በር ወርውራ ስትዘጋ፣ ከወንድሟ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው የማውቃት። እዚህ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ከኳሱ ጀርባ ቆማ ሩቁን ታያለች፣ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ዱላው ሲወርድ ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ስንጥቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኳሱ የት እንደገባ አላይም፤ ፊቷን አይቼ ነው የማውቀው። የመጀመሪያውን ዙር ጥሩ ጨረሰች። ፖስተኛዋም እንደዚሁ።

ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ ሰማዩ ጠቆረና የመብረቅ ማስጠንቀቂያ ጥሩምባ ጮኸ። ሁሉም ሥራውን ጥሎ ወደ ክለቡ ቤት ሮጠ። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ውስጡ ምንጣፍ ነው፤ ያነበብኩትም ትዝ አለኝ። ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ጃንጥላቸውን አራገፉና፣ «ግቢ እንጂ፣ ሰው ዝናብ ላይ አቆምሽ» አሉኝ። ገባሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

መስኮቱ አጠገብ ከፖስተኛዋ ጋር ተቀመጥን። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጠየቋት፤ እንግሊዝኛቸው የመጽሐፍ ነው፣ እያንዳንዱን ቃል ይጨርሱታል። ጎልፍ እንዴት እንደጀመረች ነገረችን። ፖስታ የምታድልበት ሰፈር አጠገብ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሜዳ አለ። ከሜዳው ያመለጡ ኳሶች በየሰዉ አጥር ሥር ታገኛለች፤ እየሰበሰበች ትመልሳለች። አንድ ቀን የሜዳው ሠራተኛ፣ ይሄን ሁሉ ከምትመልሺልን አንዱን መትተሽ እዪው ብሎ ዱላ አቀበላት። ልጄ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ይሄን ማጣሪያ ትሞክራለች። አንዴ በአንድ ምት ብቻ አምልጧታል።

ጋሼ ታዲያ ለምን ትመጪያለሽ አሏት፤ በነቀፋ አልነበረም፣ ማወቅ ፈልገው ነው። ሳቅ ብላ፣ «በሥራዬ የሁሉን ሰው በር አውቃለሁ፣ አንዱም ቤት ግን አልገባም» አለች። «ይሄኛው ክፍት ነው ሲሉኝ፣ እስቲ ልግባ ብዬ ነው።»

ጋሼ ይሄን፣ እንግሊዝኛው ያልገባኝ ይመስል፣ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ደገሙልኝ። ሰማኋቸው፤ በአማርኛም ጥሩ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ጨዋታው ቀጠለ። ወደ ዋናው ሻምፒዮና የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ቦታዎቹን ዘንድሮ ጎልፍን ሙያቸው ያደረጉ ወጣቶች ወሰዷቸው። የቀረው የተጠባባቂ ቦታ ነው። ካለፉት አንዷ ብትታመም ወይም ብትተው፣ ተጠባባቂዋ ትጠራለች። ውጤቱ ሲደመር ለዚያች ቦታ ልጄና ፖስተኛዋ እኩል ሆኑ። አንዷ እስክትበልጥ ድረስ ተጨማሪ ቀዳዳ መጫወት አለባቸው ተባለ።

ፀሐይዋ ዛፎቹ ላይ ወርዳለች። ያለፉት ሄደዋል፣ የወደቁትም ሄደዋል። ሣሩ ላይ የቀረነው ሁለቱ ተጫዋቾች፣ አንድ ዳኛ፣ ጋሼና እኔ ብቻ ነን። ምናልባት ለማይደወል ስልክ ነው የሚጫወቱት፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ልጄ ኳሷን ዛፍ ውስጥ መታችው። ሁላችንም ስንፈልግ ጋሼ በጃንጥላቸው ጫፍ ከሩቅ አመለከቱ፤ እንዳይነኩት ፈርተው ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ልጄ ከዚያ ከቅጠል መሃል አውጥታ፣ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ ከፖስተኛዋ እኩል ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ ሁለቱም ኳሶች ቀዳዳው ካለበት ለስላሳ ሣር ደረሱ። ፖስተኛዋ ከሩቅ ናት። መታችው፤ ኳሱ ዳገቱን ወጣ፣ ዞረ፣ ሊቆም ሲል ገባ። የልጄ ከዚያ ይቀርባል፤ እኩል ለመሆን ማስገባት አለባት። ረጅም ጊዜ አየችው። ስትመታው የቀዳዳውን ከንፈር ዞሮ ውጭ ቀረ።

ፊቴን የት እንደማደርገው አጣሁ። ልጄ ግን ኮፍያዋን አውልቃ ሄደች፤ ተቃቀፉ። ፖስተኛዋ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በእጅ ጓንቷ ጠርጋ ልጄን ስልክ ቁጥሯን ጠየቀቻት። ምናልባት ከጠሩኝ ቦርሳ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም፣ ትመጪያለሽ ወይ አለቻት። ልጄ ወደ እኔ እንኳ ሳታይ እሺ አለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ልጄ ኮል አደረገችልኝ። አንዷ ተጫዋች የእጅ አንጓዋ ተጎድቶ ወጥታለች፤ ፖስተኛዋ ተጠርታለች። ልጄ በዚያ ክረምት ሮክቪል አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ አለቃዋን አስፈቅዳ በማግስቱ ሌላ ስቴት ወደሚካሄደው ውድድር ሄደች።

እኔና ጋሼ በልጃቸው ቤት ተሰብስበን ቴሌቪዥን አየን። ካሜራው የሚከተለው ታዋቂዎቹን ነው፤ ለብዙ ሰዓት የኛን ሰዎች አላየናቸውም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ተጫዋች ሲያሳዩ፣ ከጀርባዋ፣ የካዲዎቹን ነጭ ሰደርያ ለብሳ፣ ቦርሳ ተሸክማ አንዲት ቀጭን ልጅ አለፈች። ጋሼ ከሶፋው ተነሥተው ቆሙ። እኔ ስሟን ጠራሁ፤ ቀና ብላ የምትሰማኝ መሰለኝ።

ፖስተኛዋ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ለቀሪዎቹ ቀናት አላለፈችም። የመጨረሻ ግን አልሆነችም፤ ከኋላዋ ስማቸው የታወቀ ሴቶች ነበሩ። ሰኞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ልጄ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ትከሻዋ በቦርሳው ማንገቻ ተልጦ መጣች። ቅባት እየቀባሁላት ያነበብኩትን ሁሉ እያሰብኩ ብዙ ጥያቄ ጠየቅኳት። የድሮዎቹን አሸናፊዎች ፎቶ አይታ እንደሆነ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደተቀበሏቸው፣ በዋናው በር ገብተው እንደሆነ። በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላስተዋለችም። ያ ሁሉ ሕዝብ እያያቸው፣ በምትና በምት መሃል፣ ሁለቱ ምን ይነጋገሩ እንደነበር ጠየቅኳት።

«ስለ ውሻ» አለችኝ። «ሎረል ያለውን እያንዳንዱን ውሻ ነገረችኝ፣ ማሚ። የሚናከሰውንም፣ የማይናከሰውንም።»