ስለ እኔ የሚናገር ሰው

የማመልከቻዬ ሌላው ነገር ሁሉ አልቆ የቀረው የመምህሬ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። በውሃ ጥራት ሁለተኛ ዲግሪዬን ውጭ አገር ለመማር ነበር የማመለክተው። ቃሊቲ ባለ አንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ሳጥብና ቁጥር ስመዘግብ ኖሬያለሁ፤ ይህ ዕድል ካመለጠኝ እዚያው እንደማረጅ ይታየኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጉዳይ ቪዛ እስኪመታ ድረስ በሆድ ይያዛል፤ የሰው ዓይን ይገባበታል ይባላል። እኔ ደግሞ ምስጢሩን ለመጠበቅ ብዙም አልተቸገርኩም፤ የምነግረው ሰው አልነበረኝማ።

ከምኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ተነስቼ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህር ቢሮ ደረስኩ።

«ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» አሉኝ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። የተለመደ ነው፤ አልገረመኝም።

እሑድ ረፋድ ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ራስን በሌላ ሰው አፍ ማሞገስ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። «ታታሪ ናት» ብዬ ጻፍኩ። «ሰዓት አክባሪ ናት፤ ከሰው ጋር ተግባቢ ናት» ብዬ ጨመርኩ። የመጨረሻዋን ስጽፍ ሳቄ መጣ። ማክሰኞ ወሰድኩላቸው። ዝም ብለው ይፈርማሉ ስል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ይህችን ልጅ እኔም አላውቃትም» አሉኝ። «ታታሪ ሞልቷል። አንቺ ምን አደረግሽ? ቅርብሽ ያለ ሰው ጠይቂና እንደገና ጻፊው። እስከ ዓርብ አለሁ፤ ከዚያ ለመስክ ሥራ እወጣለሁ።»

ቅርቤ ያለ ሰው! ወደ ቤቴ ስመለስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ታክሲው ውስጥ በሐሳቤ ሰው ስፈልግ መጣሁ። እናትና አባቴ በሕይወት የሉም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከሰላምታ አናልፍም። ሆድ ባሰኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ፣ ስለ እኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው አጣሁ። በሰው ላይ ላኮርፍ ሞከርኩ፤ ግን በሬን ዘግቼ የኖርኩት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ፊት ለፊቴ የምትኖረውን ጎረቤቴን አንኳኳሁ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ከትንሽ ልጇ ጋር ብቻዋን ናት። በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃ ላይ «ደህና አደርሽ» ከመባባል ያለፍን አይመስለኝም ነበር።

«እኔን እንዴት ነው የምታዪኝ?» አልኳት፣ ሌላ አነጋገር ጠፍቶኝ።

የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀምጣ አየችኝ። «ምነው? ሰው ምን አለሽ?»

«ምንም። እንዲያው ነው።» ቪዛው ገና ነዋ፤ እውነቱን አልነገርኳትም።

«አትቆጪኝና ኩራተኛ ትመስዪኝ ነበር» አለች። «ግን ያ ውሃ የተበላሸ ጊዜ ከላይ እስከ ታች በር ያንኳኳሽው አንቺ አይደለሽ?»

ረስቼው ነበር። የብሎካችን የውሃ ታንከር ውስጥ እርግብ ሞታ ኖሮ ውሃው ሸተተኝ። በጠርሙስ ወስጄ መረመርኩትና ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት በየበሩ «እንዳትጠጡ» ብዬ ዞርኩ። ሥራዬ ስለሆነ እንጂ ለሰው አስቤ አልነበረም።

«በነጋታው ደግሞ ልጄ ጠጥቶ እንደሆነ ልትጠይቂኝ ተመልሰሽ መጣሽ» አለችኝ። «እዚህ ቤት ከገባሁ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።» ይህን ብላ አስገባችኝና ራት አበላችኝ።

ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። መምህሬ ዓርብ ጠዋት አንብበው ፈረሙ፤ ፖስታውን አሽገው ማኅተም መቱበት።

ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ በሬን ታንኳኳ ጀመር። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ከሆንኩ ጀሪካኔን ትሞላልኛለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቁርስ አብረን እንበላለን። ብቻዬን መሆኔን ለወራት ረሳሁት። ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ ሲቀበለኝም አፌን ዘግቼ ቆየሁ። ቪዛው የተመታልኝ ቀን ግን ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ነገርኳት። የውሃውን ታሪክ ደብዳቤው ላይ ጽፌው እንደነበርና ያለፍኩትም በእሷ ምክንያት መሆኑን አፌን ሞልቼ አወራሁላት። እልል የምትል መስሎኝ ነበር።

የያዝኩትን ፓስፖርት ተቀብላ ገለጠችው። ብዙ አየችው።

«ያን ቀን የመጣሽው ለዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ሰው ናፍቆሽ መስሎኝ።»

ፓስፖርቱን ዘግታ ሰጠችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ፣ ድሮ ደረጃ ላይ «ደህና አደርሽ» ትለኝ በነበረበት ድምፅ።